ኤግዚስቴንሻል ቴራፒ፦ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ቴራፒስቱ አሠራርና ሥልጠና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተገልጋዮችና ሙያውን ለመማር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኤግዚስቴንሻል ቴራፒ ምንድን ነው?

በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ጭንቀት፣ ጸጸት፣ ብቸኝነትና "ምን ብዬ ነው የምኖረው?" የሚለው ጥያቄ በራሳቸው በሽታ አይደሉም፤ ሰው ሆኖ ከመኖር ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ቴራፒስቱ ምልክቱን ለማጥፋት አይቸኩልም። መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ኑሮውን እንዴት እንደያዘው፣ ምኑን እየሸሸ፣ ምኑን እየመረጠ እንደሆነ ነው።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም በ1980 ባሳተመው የሙያ መጽሐፍ ማንም የማያመልጣቸው አራት ነገሮች አሉ ብሏል፦ ሞት፣ ነጻነት ከነኃላፊነቱ፣ የቅርብ ሰው እንኳን ሊሞላው የማይችል ብቸኝነት፣ እና ተዘጋጅቶ የሚጠብቀን ትርጉም አለመኖሩ። ሰው ግን "ከነጻነቴ ጋር ተጣላሁ" ብሎ ቴራፒስት ዘንድ አይመጣም። የሚመጣው "እንቅልፍ አጣሁ"፣ "ትዳሬ ቀዘቀዘብኝ"፣ "ሁሉ ነገር ተሟልቶልኝ ደስ አይለኝም" ብሎ ነው።

ማን ጀመረው? ፍልስፍና ነው ወይስ ሕክምና?

ከፍልስፍና የተወለደ ሕክምና ነው፤ አንድ መሥራች የለውም። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሉድቪግ ቢንስቫንገር (1881–1966) የፍሮይድ ወዳጅ ነበር። ሆኖም ሕመምተኛን በውስጣዊ ግፊቶቹ ብቻ መተርጎም አልዋጥ ስላለው ወደ ማርቲን ሃይደገር ፍልስፍና ዞረ። የአገሩ ልጅ ሜዳርድ ቦስ ደግሞ ሃይደገርን ራሱን ከ1959 እስከ 1969 ዙሪክ አጠገብ ዞሊኮን ወዳለው ቤቱ እየጋበዘ ለሐኪሞች ሴሚናር እንዲሰጥ አደረገ። በቪየና የአእምሮ ሐኪሙ ቪክቶር ፍራንክል የሕይወት ትርጉምን በመፈለግ ላይ ያተኮረውን ሎጎቴራፒን አቋቋመ። "ፍራንክል ሐሳቡን ያገኘው በናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነው" የሚባለው ስህተት ነው። ቃሉን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲጠቀምበት ቆይቷል፤ ወደ አውሽቪትስ ሲወሰድም የመጽሐፉን ረቂቅ ይዞ ነበርና እዚያ ጠፋበት።

በአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮሎ ሜይ ከባልደረቦቹ ጋር በ1958 ያሳተመው የጽሑፎች ስብስብ በር ከፈተ። በእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሙ አር ዲ ላይንግ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ጀመረ፤ ሥልጠናውን መልክ ያስያዘችው ግን በ1980ዎቹ ኤሚ ቫን ደርዘን ናት። ቴራፒስት ሲመርጡ "የትኛውን መንገድ ነው የሚከተሉት?" ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ሎጎቴራፒስት ስለ ትርጉም በቀጥታ ሊጠይቅዎትና ልምምድ ሊሰጥዎት ይችላል። የእንግሊዙን መንገድ የሚከተል ቴክኒክ የሚባል ነገር ብዙም አይወድም። የአሜሪካው ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ በሁለታችሁ መካከል ለሚሆነው ነገር ትልቅ ዋጋ ይሰጣል።

ከሲቢቲ በምን ይለያል?

ሲቢቲ (የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና) ችግሩን ለይቶ፣ በመጠይቅ ለክቶ፣ የቤት ሥራ ሰጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 20 በሚደርስ ክፍለ ጊዜ የሚሠራ ሕክምና ነው። ኤግዚስቴንሻል ቴራፒ እንዲህ ያለ ደረጃ በደረጃ የተጻፈ መመሪያ የለውም። የሚነሳው በዚያ ቀን ተገልጋዩ ይዞት ከመጣው ነገር ነው።

የተሻለው ማን ነው ለሚለው፣ እንደ ችግሩ ነው። ሊፍት ውስጥ መግባት ለሚያስፈራው፣ እጁን በቀን ሃምሳ ጊዜ ለሚታጠብ፣ ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ለሚመታው ሰው መጀመሪያ ሲቢቲን መሞከር ይሻላል። ይህን በግልጽ የማይነግር ኤግዚስቴንሻል ቴራፒስት ለሙያው አድልቷል።

ለማን ይስማማል? ለማን አይስማማም?

ከሐዘን፣ ከፍቺ፣ ከስደት፣ ከጡረታ፣ ከከባድ ሕመም በኋላ "አሁንስ ወዴት?" ለሚል ሰው ይስማማል። ምንም ሳይጎድልበት ውስጡ ባዶ የሆነበት፣ ሁለት መንገድ ፊቱ ተደቅኖ ዓመታት መወሰን ያቃተው፣ ሌሎች ሕክምናዎችን ሞክሮ ምልክቱ ቢቀንስለትም ጥያቄው ያልተመለሰለት ሰውም እንዲሁ።

እውነታን እስከ መሳት የደረሰ፣ በመጠጥ ወይም በዕፅ ሥር ያለ፣ መብላትና መተኛት እስኪያቅተው በድብርት የወደቀ ሰው ቅድሚያ የአእምሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መድኃኒት እየወሰዱ ቴራፒውን ማስኬድ ይቻላል፤ ብዙዎች የሚያደርጉት ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ለወራት የቆየ ድካም፣ የስሜት መደንዘዝና ባዶነት የታይሮይድ ሆርሞን በማነሱ፣ በደም ማነስ ወይም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ በመቆራረጡ ሊመጣ ይችላል። የደም ምርመራ ሳይደረግ ስድስት ወር ስለ ሕይወት ትርጉም መነጋገር ገንዘብም ጊዜም ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይደረጋል?

ክፍለ ጊዜው እንደተለመደው 50 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት። መጀመሪያ ውሉን ይነጋገራሉ፦ ክፍያ፣ ቀጠሮ ሲሰረዝ ምን እንደሚሆን (ብዙዎች ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በፊት ካልተነገራቸው ሙሉውን ያስከፍላሉ)፣ እና ምሥጢር። ምሥጢሩ ገደብ አለው። የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ቴራፒስቱ ለሚመለከተው ሊያሳውቅ ይችላል። ጉዳይዎን ማንነትዎን ሳይገልጽ ከሱፐርቫይዘሩ (ሥራውን ከሚከታተልለት ልምድ ካለው ባለሙያ) ጋር እንደሚነጋገርም መንገር አለበት። በአማርኛ የሚሠሩ ከሆነ "አንተ"፣ "አንቺ" ወይስ "እርስዎ" እንደሚባባሉ እዚያው ቢስማሙ ጥሩ ነው። ቴራፒስቱ "አንቺ" እያለ ተገልጋይዋ "እርስዎ" ካለች ገና ሳይጀመር የመካሪና የተመካሪ ወግ ይገባበታል።

ከዚያ "ምን አመጣዎት?" ይባላል፤ ወዲያው ደግሞ "ለምን አሁን? ከዓመት በፊት ያልመጡት ለምን ይመስልዎታል?" የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ቫን ደርዘን ያስፋፋችውን የአራት ዓለማት ካርታ የሚጠቀሙም አሉ፦ አካልና ቁሳዊው ዓለም፣ ከሰዎች ጋር ያለው ኑሮ፣ ከራስ ጋር ያለው ግንኙነት፣ እምነትና እሴት። ቅጽ አይሞላበትም። ቴራፒስቱ ሲሰማ የትኛው ዓለም ጨርሶ እንዳልተነሳ በልቡ ይይዛል። 50 ደቂቃ ሙሉ ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ አውርቶ አንድም ሰው በስም ካላነሳ፣ ያላነሳውም መልእክት ነው።

ቴራፒስቱ ዝም ብሎ ነው የሚያዳምጠው?

አይደለም፤ ግን የሚያደርገው ከውጭ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ከፈላስፋው ኤድሙንድ ሁሰርል ፌኖሜኖሎጂ (ነገሩን ከመተርጎም በፊት እንደሚታየው መግለጽ) የተወሰዱ ሦስት ልማዶች አሉት። አንደኛ፣ ግምቱን ያቆያል። "ስደተኛ ነው፣ ስለዚህ አገሩ ናፍቆታል" የሚለው ሐሳብ ሲመጣበት ሐሳቡ የራሱ መሆኑን አውቆ ወደ ጎን ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ከመተርጎሙ በፊት እንዲገለጽ ያደርጋል። "ለምን?" ብዙ ጊዜ ሰውን ምክንያት ፍለጋና መከላከል ውስጥ ይከታል፤ "እንዴት?"፣ "ምን?"፣ "መቼ?" ነገሩን ያሳያሉ። ሦስተኛ፣ የሰማውን ሁሉ በእኩል ይይዛል። ተገልጋዩ ስለ ትዳሩ አርባ ደቂቃ ተናግሮ ሊወጣ ሲል "አባቴ ደግሞ ትናንት ደወለልኝ" ካለ፣ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአርባው ደቂቃ ያንሳል ብሎ የወሰነ ማን ነው?

አንዲት ተገልጋይ ሥራዋን ለመልቀቅ ማሰብ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል እንበል። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

"ልልቀቅ እላለሁ፣ ግን ሰው ምን ይለኛል?"

"'ሰው' ሲሉ ማን ፊትዎ ላይ ይመጣል?"

"ሁሉም… እናቴ። ታላቅ እህቴ። እህቴ በተለይ።"

"እህትዎ ምን ሲሉ ይሰማዎታል?"

"'ድሮም አንቺ የጀመርሽውን አትጨርሽም' ስትል።"

"ይህን ሲናገሩ ድምፅዎ ዝቅ አለ።"

"… እኔም ስለ ራሴ የማስበው እሱኑ ነው መሰለኝ።"

ቴራፒስቱ ሁለት አጫጭር ጥያቄ ጠየቀ፣ አንድ ያየውን ነገር ተናገረ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ስለ ልጅነቷ አልተረጎመም፣ "የሰው ወሬ አያስጨንቅዎት" ብሎም አላጽናናም። ጉዳዩ ግን ከይሉኝታ ተነስቶ ራሷ ስለ ራሷ ወደ ደረሰችበት ፍርድ ተሻግሯል። "የሰው ወሬ ለምን ያስጨንቅዎታል?" ቢላት ኖሮ ሰፈሩን፣ ዘመዱን፣ ባህሉን ስታስረዳ ሰዓቱ ባለቀ ነበር።

ሌላው የሥራው ክፍል እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ግንኙነት ነው። ያሎም "ዛሬ በእኛ መካከል እንዴት ነበር?" ብሎ በየክፍለ ጊዜው መጠየቅን ይመክራል። በውጭ ሰውን ሁሉ ለማስደሰት የሚደክም ሰው ቴራፒስቱንም ለማስደሰት ይደክማል፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ በሁሉም ይስማማል፣ ቅር ያለውን አይናገርም። ይህ በቃል ከሚነገረው ታሪክ ይልቅ በዓይን ስለሚታይ ለሥራ ይመቻል።

ታዲያ ምክር ለምን አይሰጠኝም?

ምክርማ ሞልቷል። ሽማግሌ፣ ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ ዩቲዩብ ሁሉ ይመክራል፤ ሰው ቴራፒስት ዘንድ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ምክሩን ሁሉ በቃሉ ይዞ ነው። ቴራፒስቱ "ትዳርዎን ይፍቱ" ቢልና ነገሩ ቢበላሽ ጥፋቱ የቴራፒስቱ ይሆናል። ቢሳካም ስኬቱ የተገልጋዩ አይደለም። በሁለቱም ውሳኔው ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል።

ይህ ማለት ግን መረጃ ይነፍጋል ማለት አይደለም። የትኛው ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለብዎ፣ የድብርት ምልክቶች ምን እንደሆኑ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስበት ሰው መጠለያ የት እንዳለ በቀጥታ ሊነግርዎ ይገባል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ "እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?" ብሎ የሚመልስ ቴራፒስት ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ሁልጊዜ ስለ ሞት ነው የሚወራው?

የለም። ሳምንታት ሞት ሳይነሳ ያልፋሉ። ሲነሳም በጓሮ በር ነው የሚገባው፦ በሃምሳኛ ዓመት ልደት፣ በወላጅ ዕቃ ማከፋፈል፣ ለእረፍት በሚወጣ ቴራፒስት ላይ በሚመጣ ያልተጠበቀ ንዴት። ቴራፒስቱ ርዕሱን ጎትቶ አያመጣም፤ ሲመጣ ግን ሌሎች እንደሚያደርጉት "ኧረ ክፉ አይናገሩ" ብሎ አይዘጋውም።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ማለቁስ በምን ይታወቃል?

ክፍት ሆኖ ከተጀመረ ከብዙ ወራት እስከ ሁለት ሦስት ዓመት ሊሄድ ይችላል። አጭሩም አለ። በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ዊልያም ብራይትባርት የፍራንክልን ሐሳብ ይዞ ለጽኑ ሕሙማን ያዘጋጀው ሕክምና በቡድን 8፣ በነጠላ 7 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። የቆይታው መወሰን ራሱ ለሥራው ይጠቅማል፤ ጊዜ እንደሚያልቅ እያወቁ መነጋገር ከጉዳዩ ጋር ይገጥማልና።

መጨረሻው ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ተነግሮ በእነዚያ ሳምንታት ስለ መለያየቱ ይወራል። በስልክ መልእክት "ከዚህ በኋላ አልመጣም" ብሎ መቅረት የተለመደ ነው። መብት ነው፤ ግን አስቸጋሪ መለያየቶችን ሁሉ በመጥፋት የሚፈታ ሰው ከሆነ የተለየ መለያየትን ለመቅመስ የነበረውን አንድ ዕድል ያጣል።

በጥናት የተረጋገጠ ነው?

በከፊል። ጆኤል ቮስና ባልደረቦቹ በ2015 ያወጡት የጥናቶች ድምር ትንተና 15 ጥናቶችንና 1,792 ተሳታፊዎችን አካቷል። በትርጉም ላይ ያተኮሩት አጫጭር ሕክምናዎች ጥሩ ውጤት ሲያሳዩ ሌሎቹ ቅርንጫፎች ደካማ ወይም ገና ያልተጠና ውጤት ነበራቸው። የብራይትባርት ቡድን በዚያው ዓመት ባሳተመው ጥናትም ካንሰራቸው የጠና 253 ሕሙማን ተሳትፈው ትርጉም ተኮሩ ቡድን ከተራው የመደጋገፊያ ቡድን በልጧል። ረጅሙና መመሪያ አልባው የእንግሊዝ ዓይነት ሕክምና ግን ለእንዲህ ያለ ጥናት ስለማይመች ማስረጃው ጥቂት ነው።

አንድ የሚያሳስት ወሬ እዚህ ላይ ይታረም። በ1989 ዴቪድ ስፒግል፣ ያሎም ባስጀመረው የቡድን ሕክምና የተሳተፉ የጡት ካንሰር የተሰራጨባቸው ሴቶች ካልተሳተፉት በግምት እጥፍ ያህል ጊዜ እንደኖሩ አሳተመ። በ2001 ካናዳ ውስጥ በ235 ሴቶች ላይ ሲደገም ዕድሜ ማርዘሙ አልታየም፤ ስፒግል ራሱ በ2007 ባወጣው ድጋሚ ጥናትም አልታየም። የካናዳው ጥናት ያገኘው በተለይ ተጨንቀው የመጡት ሴቶች ስሜታቸውና ሕመማቸው ቀለል ማለቱን ነው። "ቴራፒ ካንሰርን ያቆማል" የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይሽሹ።

ሃይማኖተኛ ነኝ። ከእምነቴ ጋር አይጋጭም?

በአምላክ የማያምነውን ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትርን ብቻ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከዚህ ፍልስፍና አሳቢዎች መካከል ኪርከጋርድ አጥባቂ ክርስቲያን፣ ጋብርኤል ማርሴል ካቶሊክ፣ ማርቲን ቡበር የአይሁድ እምነት አሳቢ ነበሩ። ሮሎ ሜይም ወደ ሥነ ልቦና ከመግባቱ በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ የነገረ መለኮት ተማሪ ሆኖ ከነገረ መለኮት ምሁሩ ፓውል ቲሊክ እግር ሥር ተቀምጧል። ቴራፒስቱ እምነትዎን አይነካም፤ እንዴት እንደሚኖሩት ይጠይቃል። "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" የሚለው ንግግር አንዱን ሰው ያሳርፈዋል። ሌላው ደግሞ ንዴቱን እንዳይናገር አፉን የሚይዝበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ቴራፒስቱ የንስሐ አባት አይደለም፤ ኃጢአት አይፈታም፣ ቀኖና አይሰጥም። ጸበል መጠመቅም ከቴራፒ ጋር አይጣላም። አደጋው ጸበል ሲጀመር የአእምሮ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ላይ ነው፤ ይህን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አያድርጉ።

ኤግዚስቴንሻል ቴራፒስት ለመሆን ምን ትምህርት ያስፈልጋል?

እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ "ሳይኮቴራፒስት" የሚለው መጠሪያ በሕግ ስላልታጠረ ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው መዝገብ ነው። ዩኬሲፒ የተባለው መዝጋቢ ማኅበር በማስተርስ ደረጃ የሆነ፣ በተለምዶ አራት ዓመት የሚወስድ ሥልጠናና ቢያንስ 450 ሰዓት በሱፐርቪዥን ሥር ከተገልጋይ ጋር የተሠራ ሥራ ይጠይቃል። በኦስትሪያ በ1990 የወጣው የሳይኮቴራፒ ሕግ ሙያውን በሕግ ሲያቋቁም፣ ሎጎቴራፒና ኤግዚስቴንሻል አናሊሲስ በመንግሥት ከታወቁት ዘዴዎች መካከል ናቸው።

በአሜሪካ "ኤግዚስቴንሻል ቴራፒስት" የሚባል ፈቃድ የለም። መጀመሪያ በክልሉ ሕግ ሳይኮሎጂስት (በአብዛኛው ዶክትሬት ያስፈልጋል)፣ የትዳርና ቤተሰብ ቴራፒስት፣ ካውንስለር ወይም ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ሆነው ፈቃድ ያወጣሉ፤ አቅጣጫውን በተጨማሪ ሥልጠና ይይዛሉ። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የትዳርና ቤተሰብ ቴራፒስት ለመሆን ከማስተርሱ ሌላ 3,000 ሰዓት በሱፐርቪዥን ሥር መሥራት ግድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው የካውንስሊንግ ሥነ ልቦና ማስተርስ መነሳት ይችላል።

የሚበላሸው የት ነው? ሰው አጭር የኦንላይን ኮርስ ከፍሎ ይጨርስና ሰዓቱ የትም እንደማይቆጠርለት በኋላ ይሰማል። ከመመዝገብዎ በፊት ት/ቤቱን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ተመራቂዎቻችሁን የሚቀበለው የትኛው መዝገብ ነው? የልምምድ ቦታ የምታገኙልኝ እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ ነኝ የምፈልገው? የሱፐርቪዥን ክፍያ በትምህርት ክፍያው ውስጥ ነው? ከትምህርቱ ክፍያ ሌላ የሱፐርቪዥንና የራስ ቴራፒ ወጪ ስላለ፣ አንዱን ብቻ አስልቶ የገባ በሁለተኛው ዓመት ይቸገራል።

ተማሪው ራሱ ቴራፒ መግባት ያለበት ለምንድን ነው?

ብዙ ት/ቤቶች በሥልጠናው ዘመን ሁሉ፣ ብዙ ጊዜ በዓመት ወደ 40 ሰዓት የሚሆን የራስ ቴራፒ ያስገድዳሉ። የሌላውን ሞት፣ ብቸኝነት፣ የባከነ ዕድሜ ሲሰማ የራሱ ይቀሰቀስበታል። ያልጎበኘውን የራሱን ፍርሃት ተገልጋዩ ሲያነሳበት ሳያውቀው ርዕስ ያስለውጣል፤ ሱፐርቫይዘር ቅጂውን ሲሰማ "እዚህ ጋ ለምን ወደ ሥራው መለስከው?" የሚለው ይህን ነው።

ፍልስፍናውንም ማንበብ አለበት፤ ግን የንባቡ ጥቅም ተገልጋዩ ላይ ለመጥቀስ አይደለም። ሰው በብዙኃኑ ውስጥ ራሱን ስለ መደበቁ የጻፈውን ሃይደገርን ሁለት ጊዜ ያነበበ ተማሪ "ሁሉም እንደሚያደርገው አደረግሁ" የሚለውን ተራ ንግግር ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። የሚፈለገው ይኸው ነው።

ጀማሪ ቴራፒስቶች ብዙ ጊዜ የት ይሳሳታሉ?

ሌክቸር መስጠት የመጀመሪያው ነው። ተገልጋዩ "ሕይወት ትርጉም የላትም" ሲል ጀማሪው ደስ ይለዋል፤ የተማረው ርዕስ መጣለት። ስለ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ካሙ ማውራት ይጀምራል። ሰውዬው ግን ያንን ያለው ሚስቱ ከወጣች በኋላ ባዶ ቤት እየገባ ነው። "መቼ ነው እንዲህ የሚሰማዎት? በቀኑ የትኛው ሰዓት?" ቢባል ኖሮ ማታ በር ሲከፍት መሆኑን በነገረው ነበር።

የዚህ ተቃራኒ በዝምታ መደበቅ ነው። "አቅጣጫ አልሰጥም" በሚል ሰበብ የሚናገረው የጠፋው ቴራፒስት ተገልጋዩን የፈተና አዳራሽ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ሌላው ስህተት ትርጉም ለማግኘት መቸኮል ነው። ልጇን ከቀበረች ሦስት ወር ያልሞላትን እናት "ከዚህ ምን ተማርሽ?" ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው። ትርጉም ቢመጣ ከእርሷ ይመጣል፤ ላይመጣም ይችላል፣ ያኔም ሥራው አልከሸፈም።

የፍራንክልን ፓራዶክሲካል ኢንቴንሽን (የሚፈራውን ነገር ሆን ብሎ እንዲሞክር ማድረግ) ያለ ቦታው መጠቀምም አለ። እንቅልፍ አልመጣ ያለውን ሰው "እንግዲያው ዛሬ ሌሊት ላለመተኛት ይሞክሩ" ማለት ለመተኛት የሚደረገውን ትግል ስለሚያረግበው ሊሠራ ይችላል። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። በአማርኛ ቴራፒ በኦንላይን መውሰድ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ሕጉን ግን ይጠይቁ። በአሜሪካ የሚቆጠረው በክፍለ ጊዜው ሰዓት እርስዎ ያሉበት ክልል ነው። ቨርጂኒያ ብቻ ፈቃድ ያለው ቴራፒስት ሜሪላንድ ያለን ሰው እንዲሁ ማከም አይችልም። ሳይፓክት በሚባለው የክልሎች ስምምነት የተመዘገቡ ሳይኮሎጂስቶች በአባል ክልሎች መካከል መሥራት ይችላሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የኢንተርኔት ጥሪ መተግበሪያዎችን የሚገድቡበት ጊዜ ስላለ የትኛው እንደሚሠራ አስቀድመው ይሞክሩ።

ማኅበረሰቡ ትንሽ በሆነበት ከተማ ቴራፒስቱን በቤተ ክርስቲያን ወይም በሰርግ ላይ ማግኘትዎ አይቀርም። "ብንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን ወይስ እንተላለፋለን?" የሚለውን በመጀመሪያው ሳምንት ይወስኑ። በዕቁብ ወይም በማኅበር አብራችሁት ያላችሁት ቴራፒስት ከሆነ ግን ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ተገልጋዩ "መኖር አልፈልግም" ሲል ቴራፒስቱ ምን ያደርጋል?

በቀጥታ ይጠይቃል፦ "ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?" መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። ቀጥሎ መንገዱን አስቧል ወይ፣ ማድረጊያውስ እጁ ላይ አለ ወይ፣ ቀን ቆርጧል ወይ፣ ከዚህ በፊት ሞክሯል ወይ፣ እስከ ዛሬ ያቆየውስ ምንድን ነው ይባላል። ዕቅድና ማድረጊያ ካለ ማድረጊያው ከቤት እንዲወጣ፣ ቤተሰብ እንዲያውቅና ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይደረጋል። እዚህ ላይ "የራሱ ምርጫ ነው" የሚል ፍልስፍና ቦታ የለውም። በሌላ በኩል "ሰልችቶኛል" የሚልን ሁሉ አምቡላንስ መጥራት ሰዎች ዳግም እንዳይናገሩ ያደርጋል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሳይዘለሉ ይጠየቃሉ።

አሁኑኑ አደጋ ላይ ያለ ሰው በአሜሪካ 988፣ በእንግሊዝ 116 123፣ በእስራኤል 1201 ይደውል። ኢትዮጵያ ውስጥ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።

"ነጻ ነህ፣ ኃላፊነቱ የአንተ ነው" ማለት የተበደለን ሰው መውቀስ አይሆንም?

በጥንቃቄ ካልተያዘ ይሆናል። ፍልስፍናው ራሱ ግን ሁለት ነገር ይለያል፦ ሳንመርጠው የተጣልንበትን (የተወለድንበት አገር፣ ድህነት፣ ጦርነት፣ የደረሰብን በደል) እና በዚያ ውስጥ የምንይዘውን አቋም። ኃላፊነት የሚባለው ሁለተኛውን ብቻ ይመለከታል። የተደፈረችን ሴት ስለተፈጸመባት ነገር ኃላፊ የሚያደርግ ቴራፒስት ሃይደገርንም ፍራንክልንም አልተረዳም።

ሁለተኛው አቋም እንኳ ሁልጊዜ ቀዳሚ አይደለም። በቤት ሠራተኛነት ወደ ባሕረ ሰላጤ አገር ሄዳ ፓስፖርቷ የተያዘባት፣ ስምንት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት ሴት በስልክ ቴራፒ ብትጠይቅ የመጀመሪያው ሥራ ስለ ምርጫ መነጋገር አይደለም። የት እንዳለች፣ ስልኩ የእርሷ መሆኑን፣ አሁን ደኅንነቷ የተጠበቀ መሆኑን መጠየቅ ይቀድማል፤ ከዚያ ከቆንስላ ወይም በዚያ አገር ከሚሠራ የስደተኞች ድጋፍ ሰጪ ጋር ማገናኘት። የራሷን ታሪክ ለመናገር የምትፈልግ ከሆነ ያዳምጣል፤ ስለ ነጻነት የሚነሳው ግን፣ ከተነሳም፣ በሩ ከተከፈተላት በኋላና እርሷ ራሷ ስታነሳው ነው።